የፉሺሚ ኢናሪን መቅደስ ከሩዝ እርሻ ሥርዓቱ ጋር እንዴት እንደሚጎበኙ

በጃፓን ኪዮቶ ከተማ፣ በኢናሪ ተራራ ግርጌ የሚገኘውን የፉሺሚ ኢናሪ የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቀው ተደርድረው ተራራውን በሚወጡት ቀያይ በሮቹ ነው፤ ይሁን እንጂ በ711 (እ.ኤ.አ.) እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ስፍራ ከሁሉ አስቀድሞ ኢናሪ ከተባለው የሩዝ አምላክ መልካም አዝመራ የሚለመንበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። መቅደሱ የራሱ የሩዝ ማሳ ስላለው የእርሻው ሥራ በሥርዓት ይከናወናል፤ በኤፕሪል 12 ዘር ይዘራል፣ በጁን 10 ችግኝ በዜማና በጭፈራ ታጅቦ ይተከላል፣ በኦክቶበር 25 ሰብሉ ይታጨዳል፣ በኖቬምበር 23 አዲሱ ሩዝ ለመሥዋዕት ይቀርባል። አንዱን ብቻ ማየት ለሚችል ሰው የችግኝ ተከላውን እመርጥለታለሁ።

ከኪዮቶ ጣቢያ በናራ መስመር ሲሄዱ ኢናሪ ሁለተኛው ጣቢያ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር እዚያ ስለማይቆም በየጣቢያው የሚቆመውን ይሳፈሩ። መግቢያ አይከፈልም፤ ማለዳ መድረስ ከሰው ግፊያ ያድናል።

በበሩ ፊት ጎንበስ ብለው እጅ ይንሡና የመንገዱን ዳር ይዘው ይግቡ፤ መካከሉ የአምላክ መተላለፊያ ተደርጎ ይቆጠራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከጸሎት በፊት እጅና አፍ በሚነጻበት መታጠቢያ ዘንድ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ጭልፋ ውኃ መጠናቀቅ ስላለበት ቆጥበው ያፍስሱ። ጭልፋውን በቀኝ እጅዎ ይዘው ግራውን ይታጠቡ፤ ወደ ግራ አዛውረው ቀኙን ይታጠቡ፤ እንደገና በቀኝ ይዘው በግራ መዳፍዎ ላይ ጥቂት ውኃ በማፍሰስ አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ጭልፋውን ከከንፈር ማስነካት ነውር ነው፣ ውኃውም አይዋጥም፣ ወደ ገንዳው ውስጥም አይተፋም። ከዚያ ግራ እጅዎን ዳግም ይታጠቡና ጭልፋውን ቀጥ አድርገው በማቆም የቀረው ውኃ እጀታውን እያጠበ እንዲወርድ ያድርጉ፤ ይህ ለሚቀጥለው ሰው የሚደረግ ነው። ጭልፋ የተነሣበት ቦታ ካጋጠመዎ ከሚወርደው ውኃ በቀጥታ መታጠብ ይበቃል።

በጸሎት ቤቱ ፊት ሳንቲም ጥለው ደወሉን ያንቀሳቅሱ፤ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥተው ሁለት ጊዜ ያጨብጭቡ፣ ከጸለዩ በኋላ አንድ ጊዜ እጅ ይንሡ።

አሁን የቀበሮዎቹን ሐውልቶች ልብ ብለው ይመልከቱ። ቀበሮዎቹ የኢናሪ መልእክተኞች እንጂ አማልክት አይደሉም፤ አንዱ በአፉ የሩዝ ነዶ ሲይዝ ሌላው የጎተራ ቁልፍ ነክሶ ይታያል። ተራራው 233 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ለእርሻው ታሪክ የመጣ ሰው ግን ጫፍ ድረስ መውጣት ግድ አይለውም።