ጓሮ ውስጥ ቤት ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ የስቴቱን ሕግ አንብቡ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ስትል ጋራዡን ቤት ላደርገው አሰብኩ። ትርፍ መኝታ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ የሷ ጉልበት ደረጃ አይችልም። በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ሰርቪስ ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነው ልጄ?" አለችኝ። አልፈርድባትም፣ እዚያ ሰርቪስ የሚለው ቃል የሚያመጣው ሥዕል ሌላ ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ "ኤዲዩ" የሚሉት ግን የራሱ ኩሽና፣ የራሱ መታጠቢያና የራሱ በር ያለው፣ ራሱን የቻለ ቤት ነው።

ስህተቴ አጀማመሬ ላይ ነበር። በቀጥታ ወደ ከተማችን ፕላኒንግ ክፍል ሄድኩ። ከሎስ አንጀለስ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ስሟ ይቆየን። መስኮቱ ጋ የነበረው ልጅ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ቤቱ ከጎረቤት አጥር 5 ጫማ መራቅ አለበት ይላል። የኔ ጋራዥ ከአጥሩ 1 ጫማ እንኳ አይርቅም። በቃ አይሆንም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ አራት ወር በከንቱ አለፈ።

ለካ ወረቀቱ ያረጀ ነው። የስቴቱ ሕግ እንደሚለው፣ ድሮ የነበረ ጋራዥ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው መጠን ወደ ኤዲዩ ሲቀየር ከአጥር የሚለቀቅ ርቀት ጭራሽ አይጠየቅም። ለጠፋው የመኪና ማቆሚያም ምትክ አምጡ ማለት አይቻልም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከተማው ስቴቱ ከፈቀደው በላይ ሊፈቅድላችሁ ይችላል፤ ስቴቱ የሰጣችሁን ግን ሊነሳችሁ አይችልም። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ከመሄዳችሁ በፊት የስቴቱ የቤቶች መምሪያ ያዘጋጀውን የኤዲዩ መመሪያ አንብቡ፤ በነፃ ነው። እኔ ሁለተኛ ስሄድ አንቀጹን አትሜ፣ በቢጫ ቀለም አስምሬ ያዝኩ። ልጁ አነበበው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ አለቃውን አማከረ፣ ተመልሶ "እሺ" አለኝ። ጭቅጭቅ የለም፣ ምንም የለም።

ጋራዥ ለሌላችሁና ከመሠረቱ አዲስ ለምትሠሩ፣ ከዋናው ቤት ተለይቶ የሚሠራ እስከ 800 ካሬ ጫማ፣ ቁመቱም እስከ 16 ጫማ የሆነ ቤት፣ ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ ከለቀቃችሁለት ከተማው አይከለክላችሁም። አዲስ ሲሆን ሶላር ግዴታ ሊሆን እንደሚችል በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። መጠኑ ከ750 ካሬ ጫማ ካነሰ ደግሞ ከተማው ለመንገድና ለመናፈሻ ብሎ የሚያስከፍለው ኢምፓክት ፊ የሚባለው ክፍያ የለባችሁም። ባለሙያዎች 749 የሚል ፕላን የሚስሉት ለዚህ ነው።

ፓርኪንግ ላይ ብዙ አልቆይም። ከአውቶቡስ ፌርማታ በእግር ግማሽ ማይል ውስጥ ከሆናችሁ አይጠየቅም።

አሁን ሕጉ ወደማያድናችሁ ነገር። የኔ ጋራዥ ከዋናው ቤት ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ፍሳሹ ወደ መንገዱ ቱቦ ለመድረስ ሽቅብ መሄድ ነበረበት፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። ይህን ያወቅነው ፕላኑ ተስሎ ካለቀ በኋላ ነው። ፓምፕ መግባት ነበረበት፣ ፕላኑም እንደገና ተሳለ፤ ለሣዩም ሁለቴ ከፈልኩ። እናንተ ለአርክቴክት አንድ ዶላር ሳትከፍሉ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርታችሁ ቱቦውን በካሜራ አሳዩ፣ ከፍታውንም አስለኩ። የቤታችሁን የታይትል (የባለቤትነት) ወረቀት አውጥታችሁም "ኢዝመንት" የሚል ፈልጉ። የመብራት ወይም የፍሳሽ መስመር የሚያልፍበት መሬት ማለት ነው። የናንተ ቢሆንም እላዩ ላይ መሥራት አትችሉም። የጣሪያ ቁመትም ለኩ፣ ለመኖሪያ ክፍል ቢያንስ 7 ጫማ ያስፈልጋል። መኝታው እሳት ቢነሳ የሚወጣበት መስኮት ይፈልጋል፤ መስኮቱ ሲከፈት የክፍተቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። እናቴ በዚያ መስኮት ስትዘል አይታየኝም፣ ኢንስፔክተሩ ግን በሜትሩ ለክቶ ነው የሄደው።

ማመልከቻው ሙሉ ሆኖ ከገባ ከተማው በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካለ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ጎረቤት ተጠርቶ የሚከራከርበት ስብሰባም የለም። ብቻ "ሙሉ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አንድ ገጽ ከጎደለ ቀኑ መቆጠር አይጀምርም። ስለዚህ ማመልከቻው መሟላቱን በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የቃል መልስ ቀን አያስቆጥርም።

ይህ ሁሉ የካሊፎርኒያ ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ባወጣው ሕግ በከተማ ክልል ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ኤዲዩ ይፈቀዳል። ሌላ ስቴት ያላችሁ፣ መጀመሪያ የስቴት ሕግ መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ከሌለ የሚገዛችሁ የከተማው ወይም የካውንቲው ዞኒንግ፣ ማለትም የት ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ቡና ላይ ሁሌም በሹክሹክታ የሚነሳ ነው። ጋራዡን ያለ ፈቃድ ቤት አድርጎ ያከራየ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ከ2020 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ካሊፎርኒያ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላት። ቤቱ ለነዋሪው ጤናና ደህንነት አደገኛ ካልሆነ በቀር፣ የሕንፃ ኮድ አላሟላም ተብሎ ብቻ ፈቃድ አይከለከልም። ከማመልከታችሁ በፊት ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር በሚስጥር እንዲያየውም ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚያ ጀምሩ፤ የሚስተካከለውን አስተካክላችሁ ወደ መስኮቱ ሂዱ።