ክረምት ሲገባ አልከፈት የማይል መሳቢያ እንዴት ይሰራል

ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያውን ኮመዲኖዬን የሰራሁት ጥር ላይ ነው፣ ቀን ፀሐዩ ሌሊት ደረቅ ብርዱ እንጨቱን አድርቆት ሲመቱት ቋ ቋ በሚልበት ሰሞን። መሳቢያውን ከሳጥኑ ጋር ልክክ አድርጌ ገጠምኩት፣ ወረቀት እንኳን አያስገባም ነበር፣ ያኔ ጥሩ ስራ ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። ነሐሴ ላይ እናቴ ለፍልሰታ ቤተክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ለማውጣት ብትስበው ብትስበው አልከፈት አለ፣ በመጨረሻ የፊቱ ጣውላ ከነእጀታው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፣ ሚስማሮቹም ተሰልፈው አብረው ወጡ። ከዛ ወዲህ መሳቢያ በሚስማር አልመታም፣ ልኩንም ስወስድ እንጨቱ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ሳላስብ አልቆርጥም።

ሚስማር ለምን አይሆንም? መሳቢያውን በሳብን ቁጥር ሚስማሩን በገባበት መንገድ ወደ ውጪ እየሳብነው ነው፣ በዛ ላይ የተመታው የጎኑ ጣውላ ጫፍ ላይ ነው፣ የእንጨት ጫፍ ደግሞ ሚስማርም ኮላም አጥብቆ አይዝም። ጥርስ ስንሰራ፣ ማለትም የሁለቱን ጣውላ ጫፍ እንደ ጣት ቆርጠን እርስ በርስ ስናቆላልፍ ግን የአንዱ ጥርስ ጎን ከሌላው ጥርስ ጎን ጋር ነው የሚጣበቀው፣ ኮላ በደንብ የሚይዘው እዛ ነው።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ዋንዛ ካገኛችሁ እሱን የሚያክል የለም፣ ለመሮ ገር ነው ብዙም አይጣመምም። ግን ዋንዛ የደጋ ብርድ አይስማማውም፣ እኛ ጋ የሚሸጠው ከሌላ ቦታ ተጭኖ የመጣ ስለሆነ ይወደዳል። የፈረንጅ ፅድ ለጀማሪ በቂ ነው። ባህር ዛፍ ዙሪያችንን ሞልቶታል ግን ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል፣ ለመሳቢያ ባትነኩት ይሻላል። የአገር ፅድ ከፈለጋችሁ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ በር ወይም ጣውላ ፈልጉ፣ ስንት ዓመት ደርቆ የተቀመጠ ነው ሽታውም ሲላግ ይመለሳል፣ የወፍ ዋሻን ደን ፅድ ለመሳቢያ ብሎ ማስቆረጥ ግን ግፍ ነው። እርጥብ ጣውላ ከገዛችሁ ጥላ ውስጥ በየመሃሉ ዘንግ እያስገባችሁ ደርድሩት፣ ለ2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ፣ የተሳለ መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ስለታም ካተር፣ መላጊያ፣ ድሪል፣ ነጭ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት።

አሁን ልኩ። መሳቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 14.3፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲም ነው እንበል። ጣውላው 15 ሚሊ ይሁን። ፊትና ኋላው ርዝመታቸው 39.8፣ ሁለቱ ጎኖች 44፣ የአራቱም ቁመት 14 ሳንቲም። ከላይ 3 ሚሊ ክፍት ተውኩ፣ ከግራና ከቀኝ ግን 1 1 ሚሊ ብቻ፣ ለምን መሰላችሁ፣ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ ማደጉ ከቁጥር አይገባም። የመሳቢያችን ቁመት የጣውላው ወርድ ስለሆነ 14 ሳንቲሙ ከበጋ ወደ ክረምት 2 ሚሊ ያህል ሊጨምር ይችላል። የምትሰሩት ሐምሌ ነሐሴ ላይ ከሆነ እንጨቱ አብጦ ስለሚጠብቃችሁ ከላይ 1 ሚሊ ይበቃል። የእናቴን ነጠላ ያስቀረው እቺ 2 ሚሊ ናት።

ቀጥሎ ጥርሱን ማስመር። 14 ሳንቲሙን ለ7 ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 2 ሳንቲም ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ፊቱ ከላይም ከታችም በጥርስ ይጀምርና ይጨርሳል፣ ማለትም ፊትና ኋላው 4 4 ጥርስ ጎኖቹ 3 3 ጥርስ ይኖራቸዋል። የጥርሱን ርዝመት የሚያሳየውን መስመር ከጫፉ 15.5 ሚሊ ገባ ብላችሁ በስኳድራ ዙሪያውን በካተር አስምሩ፣ በእርሳስ አይደለም፣ የእርሳስ መስመር ራሱ ወፍራም ነው፣ የካተር ጭረት ግን መሮውን ይዞ ያስቀምጥላችኋል። ግማሽ ሚሊዋ ትርፍ በኋላ የምትላግ ናት። የሚወጣውን ክፍል ሁሉ ኤክስ አድርጉበት፣ ኤክስ ሳላደርግ ጀምሬ ጥርሱን ራሱን ቆርጬ ጣውላ ያበላሸሁበት ቀን አለ።

ስትቆርጡ መጋዙ ኤክስ ያለበት ወገን ላይ ይሂድ፣ መስመሩ ጥርሱ ላይ ይቅር። መጋዙን አትጫኑት፣ በክብደቱ ይውረድ፣ የካተሩ መስመር ጋ ሲደርስ ቁሙ። መሃሉን በመሮ ስታወጡ ከአንድ ወገን እስከ ግማሽ ውፍረቱ ድረስ ብቻ ውረዱ ከዛ ገልብጡትና ከሌላው ወገን ጨርሱት፣ በአንድ ወገን ብቻ ከመታችሁ ከስር ያለው ፊት ተገንጥሎ ይወጣል ያ ደግሞ በስቱኮ የሚሸፈን አይደለም። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭን እያረጋችሁ አንሱ፣ መስመሩ ላይ መሮውን የምታቆሙት መጨረሻ ነው።

ዋናው ሚስጥር እዚህ ጋ ነው፦ የጎኑን ጥርስ በሜትር አትለኩ። ፊቱን ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጎኑን ሞርሳ ላይ አቁሙት፣ ፊቱን ጫፉ ላይ አስተኙት፣ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክሉና በካተር ጫፍ የያንዳንዱን ጥርስ ዳር ተከትላችሁ አስምሩ። እንደዚህ ሲሆን የፊቱ ጥርስ ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ጎኑ እሱኑ ተከትሎ ይዛነፋል፣ አብረው ይገጥማሉ። አራቱን ማዕዘን እያንዳንዱን ከጓደኛው ጋር 1 1፣ 2 2 እያላችሁ ቁጥር ፃፉባቸው፣ የአንዱ ማዕዘን ጥርስ ለሌላው አይሆንም። ሲገጥም በመዳፍና በቀላል መዶሻ መግባት አለበት፣ በኃይል ካልሆነ ካለ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካያችሁ የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ እሱን ብቻ በመሮ ጫር አድርጉለት።

ኮላው ላይ ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው የግድ የምናገረው ነገር አለ። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን በደንብ አይይዝም፣ ደርቆ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ከሆነ ብርድ መትቶታል ማለት ነው። ህዳር ታህሳስ ላይ ማታ ኮላ ቀብቶ በረንዳ ላይ ማሳደር ስራውን መጣል ነው፣ ረፋድ ላይ ቀቡት፣ ከዛ ማድቤት አካባቢ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት። የጥርሱን ሁለት ጎኖች ቀቡ፣ ገጥሙ፣ ሞርሳ ከሌለ ዙሪያውን ገመድ አስራችሁ በዱላ እየጠመዘዛችሁ አጥብቁት። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ተንጋዷል፣ የረዘመው ያለበትን ሁለቱን ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጉት።

በማግስቱ በየማዕዘኑ ከላይና ከታች በጥርሱ መሃል ለመሃል 5 ሚሊ ቀዳዳ 5 ሳንቲም ጥልቀት ብሱና ከወይራ የተቀረፀ እንጨት በኮላ ምቱበት። እቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ግን ቀጥ ያለ ጥርስ ኮላው ቢለቅ መልሶ ይንሸራተታል፣ የወይራው ችካል ሶስት ጥርስ አንድ ላይ ስለሚይዝ ወደየትም አይሄድም። ከዛ ትርፏን ግማሽ ሚሊ ላጉ፣ መላጊያውን ከዳር ወደ መሃል ግፉት፣ ወደ ውጪ ከሄደ ጠርዙ ይነሳል።

ወለሉ ቀላል ነው፣ ከውስጥ ዙሪያውን 1 ሳንቲም በ1 ሳንቲም ዘንግ በኮላ ለጥፉ፣ ጋቢና በርኖስ የሚቀመጥበት ከሆነ በቪቴም እሰሩት ክብደት አለው፣ ላዩ ላይ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አስቀምጡ። ኮምፔርሳቶ ብዙ ስለማያብጥ ሳጥኑን ገፍቶ አይከፍተውም።

እጀታውን ከውስጥ በኩል በቪቴ እሰሩ። የመሳቢያውን የታች ጠርዝና የሚንሸራተትበትን ቦታ በጧፍ እሹት፣ የንብ ሰም ስለሆነ ለዓመት ይበቃል፣ ዘይትና ግራሶ እንዳትቀቡ እንጨቱ ይጠጣዋል ልብስም ያቆሽሻል። ቫርኒሽ ከውጪ ብቻ፣ ውስጡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ እንዳለ ተዉት፣ የቫርኒሽ ሽታ ተዘግቶበት ነጠላና ጋቢ ውስጥ ይገባል፣ ፅድ ከሆነ ግን የራሱ ሽታ ይበቃዋል።