ታካሚው የሰማው ምንድን ነው? የሕክምና ቃላትን በሚገባ አማርኛ መንገር

«ሃይፐርቴንሽን አለብዎት» የተባለ ሰው ካልገባው ይጠይቃል፤ አፍሮ ባይጠይቅ እንኳ እንዳልገባው ያውቃል። «ደም ብዛት አለብዎት» የተባለው ግን አይጠይቅም። ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ ሐኪሙም ያውቀዋል፤ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ። ቤቱ ሲገባ «ደሜ በዝቷል» ብሎ ሥጋና ቀይ ሥር ይተዋል። በሌላ ጊዜ ደም ማነስ አለብህ ሲባል ደግሞ «እንግዲህ ብዛቱ ለቀቀኝ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ከፈረንጁ ቃል ይልቅ ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለን የአማርኛ ቃል የሚያስቸግረው። ሀዋሳ ውስጥ በጤና ጣቢያ፣ በተመላላሽ ክፍል ወይም በፋርማሲ መስኮት ለምትሠሩ፣ ለታካሚ የሚሰጥ ወረቀት ለምታዘጋጁም፣ የምንመክረው አካሄድ እነሆ።

ከመተርጎም በፊት

ቃል ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ሆኗል? ምን ያድርግ? ምን ሲያይ ሳይውል ሳያድር ይመለስ? ከሦስቱ በአንዱም ሥር የማይገባውን ተዉት። የላቦራቶሪ ቁጥር ዝርዝር ለሐኪም ይጠቅማል፤ ቤቱ ገብቶ ክኒን ለሚውጠው ሰው ግን ሸክም ነው። ብዙ ነገር በአንዴ የሰማ ሰው ዋናውን ጥሎ ትርፉን ይዞ ሊሄድ ይችላልና ሊቆይ የሚችለውን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆዩት።

የምናውቃቸው የሚመስሉን ቃላት

«ደም ብዛት»ን ከሰው አፍ ማውጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ቃሉን ተናገሩትና ወዲያው አፍታቱት፦ «እማማ፣ ደም ብዛት ሲባል ደምዎ በዝቷል ማለት አይደለም። ልብ ደሙን በደም ሥር የምትገፋበት ኃይል ከሚገባው በላይ ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ከቆየ ኩላሊትን፣ ዓይንን፣ አንጎልን ይጎዳል፤ ሳያምዎትም ይጎዳል።» የመጨረሻዋ ሐረግ እንዳትቀር፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው «አሁን ምንም አይሰማኝም» ብሎ ነው። 140 በ90 ስትሉም የላይኛው ልብ ስትገፋ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት መሆኑን ጨምሩ። ደም ማነስ የደም ብዛት ተቃራኒ እንዳልሆነና አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት እንደሚችሉ በግልጽ ንገሩ።

«ነቀርሳ» ከዚህም የባሰ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ የጡት ነቀርሳ ስንል ደግሞ ካንሰር። ቲቢ የያዘው ሰው ካንሰር ተባልኩ ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ፣ የሳንባ ካንሰር ያለበትም ቤተሰቡን አስይዛለሁ ብሎ ሊርቅ ይችላል። እኛ ቃሉን ጨርሶ ባንጠቀምበት እንመርጣለን፦ «ቲቢ» እና «ካንሰር» በሉ፤ ሁለቱም ቃላት ሕዝቡ ዘንድ ገብተዋል። ለቲቢ ታካሚ የተለመደው ሕክምና 6 ወር መሆኑን፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስድ ንገሩት። ከነዚህ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም የሸና መስሎት መድኃኒቱን ይጥላል።

«ኪንታሮት» በእጅ ላይ የሚወጣውም፣ በፊንጢጣ በኩል የሚወጣውም ነው፤ ቦታው ሳይጠራ ቅባት አይሰጥ፤ የእጁን ማከሚያ ስስ ቆዳ ላይ ቢቀቡት ያቃጥላል። «ዕጢ» ሲባል ማንም ሰው ያለው የጉሮሮ ዕጢም፣ እባጭም፣ ካንሰርም ሊሰማ ስለሚችል የቱ እንደሆነ ሳትናገሩ ቃሉን ብቻውን አትተዉት። «አጣዳፊ» የተባለ በሽታ ለባለሙያው በድንገት የጀመረ ነው፤ ለታካሚው ግን ሊገድለው የደረሰ ይመስለዋል። «ፖዘቲቭ» ጥሩ ዜና ይመስላል፤ «በሽታው ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም» ማለት ይበቃል። «የልብ ድካም» የተባለ ሰው ወይ ተራ ድካም፣ ወይ በድንገት የሚገድል ነገር ይመስለዋል። እንዲህ በሉት፦ «ልብዎ አልቆመችም፤ የምትገፋበት ጉልበት ቀንሷል፤ ስለዚህ ውሃ እግርና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። በ3 ቀን ውስጥ ክብደትዎ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።»

«ጾም»ን ለብቻው እናንሳው፤ በየቀኑ የላብራቶሪ ውጤት ያበላሻልና። ለስኳር ምርመራ «ጾመው ይምጡ» የተባሉ ኦርቶዶክስ እናት ሽሮ በልተው ቢመጡ ትእዛዙን አክብረዋል፤ ሥጋና ቅቤ አልቀመሱም። ሙስሊሙ አባት ደግሞ ውሃም ሳይጠጡ ይመጣሉ። ትክክለኛው አነጋገር ይህ ነው፦ «ዛሬ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ምንም ምግብ አይብሉ፤ ሻይና ቡናም አይጠጡ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ጠዋት ምንም ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ።» ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መራቅ ስለሚያስፈልግ የማታውን ሰዓት በቁጥር ጥሩት። ከሰደቃ ወይም ከማኅበር እንደማይገጥም ጠይቁ፤ ከገጠመ ቀኑን መለወጥ ይቀላል።

«ስኳር በሽታ»ም ስሙ ራሱ ያሳስታል። ታካሚው ሻይን ያለ ስኳር ጠጥቶ ዳቦውን፣ ቆጮውን ያለ ልክ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ኢንሱሊን የሚወስደው ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያንቀጠቅጠውና ሲያልበው «ስኳር ለእኔ መርዝ ነው» ብሎ አለመቅመሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ንገሩ፦ «ስኳርዎ ሲጨምር ቀስ ብሎ ይጎዳዎታል፤ ሲወርድ ግን ቶሎ ይጥልዎታል። ከተንቀጠቀጡ፣ ካላብዎት፣ ግራ ከተጋቡ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ።» ይህን አስታማሚው መስማት አለበት፤ በዚያ ሰዓት ታካሚው ራሱን ላያውቅ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ይሮጣል።

ታካሚው ሲናገር

ትርጉም በሁለቱም በኩል ነው። «ኩላሊቴን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ወይም ጎኑን፣ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ደግሞ የጨጓራውን አፍ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ክፍሉን ስም ይዛችሁ ከመጻፍ «በአንድ ጣት ያሳዩኝ» በሉ። የሕመሙንም ዓይነት አማርኛ በደንብ ይለየዋል፦ ይወጋል፣ ይቆርጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይነዝራል፣ ያቃጥላል፣ ይከብዳል። «ያማል» ብቻ ብላችሁ ካርዱ ላይ ብትጽፉ ለሐኪሙ የሚጠቅመውን ጥላችኋል። አልማዝ ባለጭራ፣ የወፍ በሽታ፣ ምች የሚሉትንም ስሞች አትናቁ። ታካሚው የጠራውን ስም ይዛችሁ «እርስዎ የወፍ በሽታ የሚሉት ዓይን ቢጫ የሚሆንበት ነው፤ መነሻው ብዙ ጊዜ ጉበት ነው» ብላችሁ ብትቀጥሉ ይከተላችኋል።

የባለሙያውን ቃልም አትደብቁበት። ሪፈር ሲጻፍለት፣ ሌላ ፋርማሲ ሲሄድ የሚያስፈልገው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩለት፣ በወረቀት ጻፉለት፣ ከዚያ በቀላሉ ስም ቀጥሉ።

ሰዓትና መጠን

«በየ8 ሰዓቱ» የሚለው «በ8 ሰዓት» ተብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱ በቀን አንዴ ከምሳ በኋላ ይወሰዳል። «ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት» በሉ። በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ወረቀት ካለ ወደ እኛ ቀይራችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፀሐይና ጨረቃ መሳል ይበቃል።

የወባውን ኮአርተም እንውሰድ። «በቀን ሁለቴ ለ3 ቀን» ማለት ጎደሎ ነው፤ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነውና። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ሰው እንዲህ ይነገራል፦ «አሁን ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ 4 ፍሬ ይዋጡ። ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ሌላ 4። ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋት 4 ፍሬ፣ ማታ 4 ፍሬ። በጠቅላላ 24 ፍሬ ነው። ወተት ወይም ዘይት፣ ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ይሁን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለስዎት ያንኑ መጠን ይድገሙ፤ እንዳይጎድልብዎት ተመልሰው ይምጡ። ነገ ትኩሳቱ ቢለቅዎትም ይጨርሱት።» ቅባቱ የሚነገረው መድኃኒቱ ያለ እሱ በደንብ ወደ ደም ስለማይገባ ነው፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው አይረሳውም።

የሕፃን ሽሮፕ «አንድ ማንኪያ» ተብሎ አይሰጥ። የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መለኪያ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩበት። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ አር ኤስም እንዲሁ ነው፦ የ1 ሊትሩ ፓኬት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። እናቲቱ ቤት ያለው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ ሁለት ሃይላንድ ውሃ በአንድ ዕቃ እንደምትለካ አሳዩአት። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበትና ልጁን ይጎዳል። ከ24 ሰዓት የተረፈው ይደፋል።

የምግብ ምክር የዚህ አገር ገበታ ላይ ያለውን ይጥራ። «ጨው ይቀንሱ» የተባለ ሰው ወጡን ያስባል፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ከሆነ ያንን ካልጠራችሁለት አይቆጥረውም። በቀን የሚፈቀደው ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ ወጡም ቡናውም ተደምሮ መሆኑን በማንኪያው አሳዩት።

መግባቱን ማረጋገጥ

«ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ትልቅ ሰው ለአክብሮት «አዎ ልጄ» ይላል። «እኔ በደንብ መናገሬን ልወቅ፤ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?» በሉ። ከተሳሳቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መድገም ዋጋ የለውም፤ በሌላ ቃል ንገሩና እንደገና ጠይቁ።

ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከሻሸመኔ ዙሪያ የሚመጣ ሰው አማርኛው ለገበያ የሚበቃ፣ ለሕመሙ ግን የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ የሚችል የሥራ ባልደረባ ጥሩ። አብሮት የመጣ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ስለ እናቱ ማሕፀን ወይም ስለ አባቱ ሽንት መናገር ያፍራል፤ ያፈረበትንም ይዘለዋል። አስተርጓሚ ሲኖር አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ቁሙ፣ ዓይናችሁ ታካሚው ላይ ይሁን። የመድኃኒቱን ቁጥር ግን ለአስተርጓሚም አትተዉት፦ ማሸጊያውን ለታካሚው ስጡና የዛሬ ማታውን ፍሬ በጣቱ ቆጥሮ ያሳያችሁ።