የጥናት ወረቀትን ለሰፊው አንባቢ መጻፍ

የወረቀቱን አጠቃሎ ተርጉሞ መለጠፍ አይሠራም። ተመራማሪ ከዘዴው ይነሳል፤ አንባቢ የሚፈልገው ግን ግኝቱን ነው። ጥናትዎ ፈንገስ በሚያመጣው የስንዴ ዋግ በሽታ ላይ ከሆነ «ቢጫ ዋግ በ2010 እ.ኤ.አ. ኩብሳ በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ ለምን በረታ?» ብለው ይጀምሩ። ቀጥሎ ገበሬው የሚያየውን ያስቀምጡ፦ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ቢጫ ዱቄት። የፈንገሱ ሳይንሳዊ ስም ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ ይምጣ።

ከ600 እስከ 800 ቃል ይበቃል፤ ሁለተኛው ግኝት ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ቁጥር ላይ ይጠንቀቁ፦ «20 በመቶ ቀነሰ» ብቻውን አይጨበጥም፣ «ከ30 ኩንታል 6ቱ ጠፋ» ግን ይገባል። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ያስነብቡና የተደናቀፈበትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፉ። የዚህ ሥራ እርካታ ከአንባቢ በሚመጣው ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ፣ መልስ ለመስጠት በሳምንት አንድ ሰዓት ይመድቡ።