ቢቱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም፦ ያልተለመዱ የመኪና ብሎኖች ችግርና መፍትሄ

ብዙ ብሎን የሚበላሸው ከመጠን በላይ ስለጠበቀ አይደለም። ልኩን የሚመስል ነገር ገብቶበት ስለተጠመዘዘ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የአክስል ብሎን ልፈታ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ በቅባትና በአፈር የተደፈነ ኮከብ ታየኝ፣ ኮከብ ከሆነማ ቶርክስ ነው አልኩና ቀረብ ያለውን ቢት (ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባውን የመፍቻ ጫፍ) ሰደድኩበት፣ ትንሽ ቢላወስም ገባ፣ እጀታውን በሁለት እጄ ስጫነው ግን «ጭርር» አለና ጣቶቼ ከሻሲው ጋር ተላተሙ። በስልኬ መብራት ሳየው ኮከቡ የለም። የሚያብረቀርቅ ክብ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

ብሎኑ ቶርክስ አልነበረም። ከእሱ እንጀምር።

ቢቱ ገብቷል፣ ግን ይላወሳል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮከቡን ዓይነት መሳሳት ነው። ጉድጓዱን በሹል ነገር አጽዱ፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ጫፎቹን ቁጠሩ። አዎ፣ ቁጠሩ፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

6 ከሆኑና ለስላሳ ክብ ከሆኑ ቶርክስ ነው። ይህ ቅርጽ ከ1967 ጀምሮ ያለ ነው፣ መጠኑም በ«ቲ» ይጠራል፦ ቲ20፣ ቲ30፣ ቲ50። 12 ከሆኑና ጫፋቸው ሹል ከሆነ ግን ኤክስ ዜድ ኤን ነው፣ ትሪፕል ስኩዌር የሚሉትም እሱኑ ነው። 3 አራት ማዕዘኖች ዞር ዞር ብለው ሲደራረቡ የሚወጣው ቅርጽ ማለት ነው። ቮልስዋገንና ኦዲ በጣም ይወዱታል፤ አክስል ላይ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ፣ ወንበር ላይ፣ የበር ማጠፊያ ላይ ታገኙታላችሁ። መጠኑ ኤም8፣ ኤም10፣ ኤም12 እየተባለ ይሄዳል። ቶርክስ ቢት እዚህ ውስጥ ሲገባ የሚነካው ጥቂት ጫፎችን ብቻ ነው፣ እነሱም ጉልበት ሲመጣባቸው ይላጣሉ። የኔ ታሪክ ይኸው ነው።

ሌላ አሳሳች ደግሞ አለ፦ ቶርክስ ፕላስ። እሱም 6 ነው፣ ግን ጥርሶቹ ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው። የፕላሱ ቢት ተራው ቶርክስ ውስጥ አይገባም። ተራው ቢት ግን ፕላሱ ውስጥ ይገባል፣ ይላወሳልም። ሲላወስ አቁሙ። የኮከቡ ጉድጓድ መሃል ላይ ትንሽ ዘንግ ካለች ደግሞ አትስበሯት፤ መሃሉ የተቦረቦረ ቢት ይሸጣል።

ልኩ ቢት በእጃችሁ ኖሮ ግማሽ ድረስ ብቻ ከገባስ? ጉድጓዱ ሥር የደረቀ ቆሻሻ አለ። እንደገና አጽዱና ቢቱን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የመታችሁበት ድምፅ ሲለወጥ ይሰማችኋል። ምቱ ዝገቱንም ስለሚያናጋው በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ጭንቅላቱ ራሱ ኮከብ ነው፣ ቡሶላ አይይዘውም

ይህ ውጫዊ ቶርክስ ነው። ቢት ሳይሆን ጭንቅላቱን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ የኮከብ ቡሶላ ይፈልጋል፣ መጠኑም በ«ኢ» ይጠራል። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ኢ10 ማለት 10 ሚሊ ሜትር ማለት አይደለም፣ 9.4 አካባቢ ነው። ኢ14 ደግሞ ወደ 12.9 ይጠጋል፣ ስለዚህ ባለ 12 ጥርስ የሆነ 13 ቁጥር ቡሶላ ልክክ ያለ ይመስላል። ላልጠበቀ ብሎን አንዳንዴ ይሠራል። የፍሬን ወይም የካምቢዮ ብሎን ላይ ግን ጫፎቹን ይላጫል። የ«ኢ» ስብስብ ግዙ፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ከ«ቲ» ቁጥሮች ጋርም አታምታቱት፤ የኢ10 አቻ ቲ50 ነው፣ የኢ8 ደግሞ ቲ40።

ጭንቅላቱ ኮከብ ሳይሆን 12 ሹል ጥግ ያለው ሊሆንም ይችላል። ይህኛው ቀላል ነው። ባለ 6 ቡሶላ አይገባለትም፣ ባለ 12 ጥርስ የሆነው የተለመደው የሚሊ ሜትር ቡሶላ ግን ልኩ ነው። ካንዴላም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል፦ አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ቀጭን ግድግዳ ያለው ባለ 12 ጥርስ 14 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋሉ፣ የለመድናቸው 16ና 21 አይሠሩም።

ተራ ባለ 6 ጥግ ነው፣ ቁልፉ ግን ይንሸራተታል

እዚህ ጋ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ መኪናው የየት ነው? ኤም8 የሆነ (ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ) ብሎን ጃፓን መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ አውሮፓዊ ላይ 13። ኤም10 ጃፓን ላይ 14፣ አውሮፓ ላይ 16 ወይም በድሮው 17። ስለዚህ የአንዱ ብሎን ጠፍቶ ከሌላ መኪና የተተካበት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሁለት የተለያየ ቁልፍ ቢገጥማችሁ አትደነቁ።

ሁለተኛ፣ ኢንች። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ላይ 9/16 ኢንች ይገጥማችኋል፤ 14.29 ሚሊ ሜትር ነው። 14 አይገባም፣ 15 ይንሸራተታል። በሌላ በኩል 3/4 ኢንች 19.05 ስለሆነ 19 ቁልፍ በደንብ ይይዘዋል። የግማሽ ኢንች ብሎን ግን 12.7 ነው፣ 13 ከገባበት ትንሽ ክፍተት አለ ማለት ነው። ለሚፈታ ነገር ያስኬዳል፣ ለዛገ ብሎን አያስኬድም።

ሦስተኛው ቡሶላው ራሱ ነው። ለዛገ ወይም ለተበላ ብሎን ባለ 12 ጥርስ ቡሶላ አታንሱ። ባለ 6 ውሰዱ፤ ጥጉን ሳይሆን ጎኑን የሚገፋ ቡሶላ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጎማ ላይ ለየት ያለ ችግር አለ። አንዳንድ የጎማ ዳዶዎች ላያቸው ላይ ስስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ከቆርቆሮው ሥር ዝገት ሲገባ ያብጣል፣ ትናንት በ19 የተፈታው ዳዶ ዛሬ 19 አይገባለትም፣ 20 ደግሞ ይሰፋዋል። ለዚህ 19.5 ቡሶላ አለ። ከዚያ ዳዶዎቹን በሙሉ ቆርቆሮ በሌላቸው ቀይሩ፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባችሁ ከምትታገሉ።

የመስቀል ብሎኑ ካቻቢቴውን ይተፋል

ጃፓን መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ከሆነ ብሎኑ ፊሊፕስ (የተለመደው መስቀል) ሳይሆን ጂስ (በጃፓን ደረጃ የተሠራው መስቀል) ሊሆን ይችላል። ሲታዩ መንትያ ናቸው። የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጂሱ ውስጥ እስከ ሥሩ አይቀመጥም፣ ስለዚህ እየዘለለ ይበላዋል። አንዳንዱ ጂስ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችበት። የፍሬን ዲስክ የሚይዙት ሁለቱ ብሎኖች በመበላት የታወቁ ናቸው፤ በእጅ አትጀምሯቸው፣ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ በመዶሻ ምቱ።

የአራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ላይ ብዙ አልናገርም፦ ፈረንሳይ ሠራሽ ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ሞክሩ፤ ዲፈረንሻልና ካምቢዮ ላይ ከሆነ የቡሶላ እጀታው ባለ 3/8 ወይም ባለ 1/2 ኢንች ጫፍ ራሱ ሊገባ ይችላል። ብቻ ሁልጊዜ መሙያውን ሳትፈቱ ማፍሰሻውን አትፍቱ።

አሁን ተበልቷል፣ ምን ላድርግ?

የአለን (ብሩጎላ) ጉድጓድ ከሆነ የተበላው፣ በመጠኑ ከፍ ያለ የቶርክስ ቢት በመዶሻ ይተከልበታል። ለ5 ሚሊ ሜትሩ ቲ30፣ ለ6ቱ ቲ40፣ ለ8ቱ ቲ50፣ ለ10ሩ ቲ55። ቢቱ ጥጎቹ ውስጥ ለራሱ መንገድ ይቆርጣል። ከመትከላችሁ በፊት ዝገት ማስለቀቂያ ረጭታችሁ አሳድሩት።

ውጪው የተበላ ከሆነ ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው የማውጫ ቡሶላ አለ፣ በተጠመዘዘ ቁጥር የሚነክስ። ማጣበቂያ ፈሳሽ የተቀባ ብሎን ሙቀት ይፈልጋል፣ ግን የደህንነት ቀበቶና የኤርባግ አካባቢ እሳት አይቀርብም፣ በፍጹም። ሁሉም እምቢ ካለ ጭንቅላቱን በድሪል አንሱት። ጭንቅላቱ ሲሄድ ውጥረቱ ይለቃል፣ የቀረውን ግንድ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ማዞር ይቻላል።

የኔን የአክስል ብሎን ያወጣሁት በመሮ ነው። ዳሩ ላይ ቆረጥ አድርጌ ወደ መፍቻው አቅጣጫ እያጋደልኩ መታሁት፣ ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ። የቀሩትን 5 ብሎኖች ጉድጓዳቸውን በሚስማር ጠርጌ፣ ኤክስ ዜድ ኤን ቢት እስከ ሥሩ መትቼ ነው የነካሁት። 10 ደቂቃ አልፈጁም።