የምትሸሹትን ተለማመዱ፦ ለግል አውሮፕላን አብራሪዎች

አንድ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሳልበር ቆየሁና ሴስና 172 የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ይዤ ወጣሁ። በሕግ በኩል ችግር አልነበረብኝም። በአሜሪካም በአውሮፓም ሰው ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ ያስፈልጋል። እኔ ከዚያ በላይ ነበረኝ። ለማረፍ ስመጣ ግን ከግራ ነፋስ ገፋኝ። ከማኮብኮቢያው መሃል መስመር ስወጣ እያየሁ እግሬ ዘገየ። ጎማው ነክቶ ነጠረ። ሙሉ ኃይል ሰጥቼ ተነሳሁ፤ በሁለተኛው በሰላም አረፍኩ። ሕጉን ማሟላትና መቻል ለየቅል መሆናቸው ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ለሽርሽር አልወጣም። እያንዳንዱ በረራ አንድ የልምምድ ሥራ አለው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የምሸሸው ነው። ነፋስ ሲነሳ ቤት እቀር ነበር። አሁን አሰልጣኝ ይዤ ሆን ብዬ እወጣለሁ። ክንፉን ወደ ነፋሱ ዘንበል ታደርጋላችሁ፤ አፍንጫውን በተቃራኒው የእግር ፔዳል ከመስመሩ ጋር ታስተካክላላችሁ። መጀመሪያ የሚነካው በነፋሱ በኩል ያለው ጎማ ነው። ብዙ ሰው ከነካ በኋላ መሪውን ይለቃል። እባካችሁ አትልቀቁ! ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሪውን ወደ ነፋሱ ይበልጥ አዙሩ።

የሞተር መጥፋትን በየወሩ ከአሰልጣኝ ጋር፣ በቂ ከፍታ ላይ ተለማመዱ። መጀመሪያ የመንሳፈፊያ ፍጥነት፣ ማለትም ያለ ሞተር ሩቅ የሚያደርሳችሁን ፍጥነት ያዙ፤ በኔዋ 172ኤን (የ172 አንዱ ሞዴል) 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ቀጥሎ ማረፊያ ሜዳ ምረጡ። ምክንያቱን የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው፦ ነዳጅ፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ (በረዶ እንዳይዘጋው)፣ ማግኔቶ (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው)። ስትወርዱ በየመሃሉ ትንሽ ኃይል እየሰጣችሁ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ አድርጉ።

ስቶልም፣ ማለትም አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ብሎ ክንፉ መሸከም ሲያቅተው፣ እንዲሁ ተለማመዱ። እጅ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይቀናዋል፤ መድኃኒቱ ግን ወደፊት መግፋት ነው። በተለይ ለማረፍ የመጨረሻውን ዙር ስትዞሩ ተጠንቀቁ። መስመሩን ካለፋችሁ በፔዳል አፍንጫውን ለመጎተት አትሞክሩ። እዚያ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ አውሮፕላኑ መሽከርከር ከጀመረ ለማዳን ቦታ የለም። ተዉትና እንደገና ዙሩ።

መብረር ባልቻልኩበት ሳምንት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቼክሊስቱን (የበረራ ማረጋገጫ ዝርዝሩን) መቆጣጠሪያዎቹን የምነካ ያህል እጄን እያንቀሳቀስኩ እወጣዋለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይሠራል።

በመጨረሻ የራሳችሁን ገደብ ጻፉ። 172ኤን የተፈተነችው እስከ 15 ኖት የጎን ነፋስ ነው። እኔ በየሳምንቱ ስበር 12 ድረስ እሄዳለሁ። ወር ካለፈኝ 7፤ ያኔ ሰውም አልጭንም። ቁጥሩን የምጽፈው ማታ ነው። ጠዋት እንግዶቼ ቦርሳቸውን ይዘው ሲጠብቁኝ ለራሴ «እሺ» ማለት ይቀለኛል።