የቀጥታ መስመር ቀመር፦ አሳሳሉና አጻጻፉ

ጅማ ውስጥ ቡና የሚመዝን ነጋዴ ሁሉ የቀጥታ መስመርን ቀመር በእጁ ይዞ ይውላል። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ባዶው ጆንያ 1 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 1 ፈረሱላ ቡና ሲገባበት ሚዛኑ 18 ይላል፤ 2 ሲገባ 35፣ 3 ሲገባ 52። የፈረሱላውን ብዛት ኤክስ፣ ሚዛኑ ላይ የሚነበበውን ኪሎ ዋይ ስንለው፦

ዋይ = 17ኤክስ + 1

በትምህርት ቤት «ዋይ = ኤም ኤክስ + ቢ» እየተባለ የሚሸመደደው ይኸው ነው። ኤም ስሎፕ ወይም ተዳፋት ይባላል፤ ኤክስ በ1 ሲጨምር ዋይ በስንት እንደሚለወጥ ይነግረናል። ቢ የዋይ ኢንተርሰፕት ነው፤ ኤክስ 0 ሲሆን ዋይ ስንት እንደሆነ ያሳያል፣ እዚህ ላይ የባዶው ጆንያ ክብደት ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ሁልጊዜ ከነመለኪያቸው አንብቧቸው፦ «በአንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ»፣ «መነሻው 1 ኪሎ»። ይህችን ልማድ ከምንም በላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ዋይ = ኤክስ + 17 ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ባዶ ጆንያ 17 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ፈረሱላ ቡና ደግሞ 1 ኪሎ ነው ማለቱ ነው። በቃል ሲነበብ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል፤ በፊደል ብቻ ሲታይ ግን ሳይታወቅ ያልፋል።

ግራፉን መሳል

ባለ ካሬ ወረቀት፣ ማስመሪያና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ያዙ። ከመሳል በፊት ስኬሉን ወስኑ። ለጆንያው ግራፍ በአግድሙ መስመር 2 ካሬ ለ1 ፈረሱላ፣ በቋሚው 1 ካሬ ለ5 ኪሎ ይበቃል፤ እስከ 5 ፈረሱላ፣ ማለትም እስከ 86 ኪሎ፣ ወደ ላይ 18 ካሬ ብቻ ይፈጃል። ስኬሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከሠንጠረዡ ያገኛቸውን ቁጥሮች፣ 1፣ 18፣ 35፣ 52 እያለ፣ በቋሚው መስመር ላይ በየካሬው በመደርደር ነው። እንዲህ ከተደረደሩ እያደገ የሚሄድ ማንኛውም ሠንጠረዥ፣ ጠማማውም ጭምር፣ ቀጥ ያለ መስሎ ይወጣል። በቋሚው ላይ የሚጻፉት 5፣ 10፣ 15፣ 20 ናቸው፤ 18 በ15 እና በ20 መካከል የራሷን ቦታ ትፈልግ።

ከዚያ ሦስት ነጥብ አውጡ፦ ኤክስ 0 ሲሆን 1፣ 2 ሲሆን 35፣ 4 ሲሆን 69። መስመር ለመሳል ሁለት ነጥብ ይበቃል፣ ግን ሁለት ነጥቦች ተሳስተውም ቢሆን ምንጊዜም በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። የሚመሰክረው ሦስተኛው ነው። እሱ ከማስመሪያው ጠርዝ ከወጣ ወይ ስሌቱ ወይ አቀማመጡ ስህተት አለበት፤ ማስመሪያውን ለማስማማት ከማዘንበል በፊት ቁጥሮቹን ደግማችሁ አስሉ። ነጥቦቹን አራርቃችሁ ምረጡ። በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች አንዷ 1 ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ፣ መስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል።

ሠንጠረዥ ሳያስፈልግ በስሎፑ ብቻም ይሳላል። ዋይ = -2/3ኤክስ + 4 ቢሰጣችሁ፣ በቋሚው መስመር 4 ላይ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ወደ ቀኝ 3፣ ወደ ታች 2፤ (3, 2) ላይ፣ ማለትም ኤክስ 3 ዋይ 2 የሆነበት ነጥብ ላይ፣ ትደርሳላችሁ። አንዴ ድገሙት፣ (6, 0)። ታችኛው ቁጥር የአግድሙ፣ ላይኛው የቋሚው እርምጃ ነው። የነጋቲቭ ምልክቷ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው የምትገለብጠው፤ ወደ ግራ 3 ከሄዳችሁ ወደ ላይ 2 ትወጣላችሁ፣ (-3, 6)። ወደ ግራም ወደ ታችም የሄደ ሰው የሳለው የ2/3ን መስመር ነው። ሁለቱ አክሲሶች፣ ማለትም አግድሙና ቋሚው መስመር፣ የተለያየ ስኬል ካላቸው ደግሞ ካሬ ሳይሆን መጠኑን ቁጠሩ፦ በጆንያው ግራፍ «ወደ ቀኝ 1፣ ወደ ላይ 17» ማለት በወረቀቱ ላይ 2 ካሬ ወደ ቀኝ፣ 3.4 ካሬ ወደ ላይ ነው።

ቀመሩ ተደባልቆ ሲመጣ

አቮካዶ ኪሎው 40 ብር፣ ሙዝ ኪሎው 30 ብር ቢሆንና በ240 ብር ሁለቱንም ብንገዛ፣ 40ኤክስ + 30ዋይ = 240 ይሆናል። ይህን ለመሳል ፈጣኑ መንገድ አንዱን በተራ 0 ማድረግ ነው። አቮካዶ ብቻ ከሆነ 6 ኪሎ፣ ሙዝ ብቻ ከሆነ 8 ኪሎ፤ (6, 0) እና (0, 8) ተገኙ። ምስክሩ (3, 4) ነው፣ 120 እና 120 ብር። ወደ ስሎፕ መልክ ሲቀየር ዋይ = -4/3ኤክስ + 8፤ 3 ኪሎ አቮካዶ የተወ 4 ኪሎ ሙዝ ያገኛል ማለት ነው። ለ30 ሲካፈል ሁሉም ቁጥር ይካፈል፤ 240ን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። በቀኝ ያለው ቁጥር 0 ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሁለቱም ኢንተርሰፕቶች ኦሪጅን፣ ማለትም (0, 0)፣ ላይ ስለሚወድቁ ሌላ ነጥብ መፈለግ ግድ ነው።

ከሁለት ነጥብ ወደ ቀመር

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናቸው። ውሃ ጅማ ላይ በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ከፍታው ኤክስ፣ የመፍያው ሙቀት ዋይ ይሁን። የዋይን ልዩነት ለኤክስ ልዩነት አካፍሉ፦

ኤም = (92 - 94) / (2,400 - 1,800) = -2/600 = -1/300

በየ300 ሜትር 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ከላይ ከአዲስ አበባ ከተነሣችሁ ከታችም ከአዲስ አበባ ተነሡ። ከላይ 92 - 94፣ ከታች 1,800 - 2,400 ያደረገ ሰው +1/300 ያገኛል፤ ተራራ በወጣን ቁጥር ውሃው በበለጠ ሙቀት ይፈላል ሊል ነው። ቀጥሎ አንዱን ነጥብ አስገቡ፦

94 = -1/300 × 1,800 + ቢ
94 = -6 + ቢ
ቢ = 100

ስለዚህ ዋይ = -1/300ኤክስ + 100። ከባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ስለምናውቅ፣ ያልተሰጠን ቁጥር ራሱ ሥራችንን አረጋገጠልን። የ6ን ምልክት የሳተ ተማሪ ግን 88 ያገኝ ነበር። በቀመሩ ወደፊትም መሄድ ይቻላል፦ 4,500 ሜትር ላይ 100 - 15፣ ማለትም 85 ዲግሪ ገደማ። እውነተኛው ግንኙነት በጥቂቱ የጎበጠ ነው፤ በአገራችን ከፍታዎች ግን መስመሩ በቂ ግምት ይሰጣል።

ይህን ስትስሉ ቋሚውን ከ0 ብትጀምሩ መስመሩ ተኝቶ አይነበብም። ከ80 ጀምሩ፣ ከሥሩ የተቆረጠ መሆኑን በዚግዛግ ምልክት አሳዩ። ያኔ ግን መስመሩ አግድሙን የሚነካበት ቦታ የኤክስ ኢንተርሰፕት፣ ማለትም ዋይ 0 የሚሆንበት፣ እንዳልሆነ አትርሱ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ዋይ = 5 አግድም መስመር ነው፣ ስሎፑ 0። ኤክስ = 5 ቆሞ የሚሄድ ነው፤ የኤክስ ልዩነት 0 ስለሆነና ለ0 ማካፈል ስለማይቻል ስሎፕ የለውም፣ በዋይ = ኤም ኤክስ + ቢ መልክም አይጻፍም። ጆንያው 2 ኪሎ ቢሆን ኖሮ ዋይ = 17ኤክስ + 2 ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ ይሆን ነበር፦ ስሎፑ ያው፣ መነሻው ሌላ። ቀጤ ነክ ለሆኑ መስመሮች የሁለቱ ስሎፕ ብዜት -1 ነው፤ ከ2/3 ጋር -3/2። በወረቀት ላይ 90 ዲግሪ ሆኖ የሚታየው ግን የሁለቱ አክሲሶች ስኬል እኩል ሲሆን ብቻ ነው።